ጀርባቸውን ለሜዳው የሰጡት ሰውዬ

ጋሼ ኳስ አይተው አያውቁም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ምክንያቱም ከክለባችን ደጋፊዎች መካከል ከእሳቸው በላይ ሜዳ የተመላለሰ የለም። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ጨዋታ ባለበት እሁድ ሁሉ ከታችኛው ደረጃ ላይ ይቆማሉ። ግን አስጨፋሪ ናቸው። አስጨፋሪ ፊቱን ወደ ደጋፊው፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ነው የሚቆመው። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሚያዩት እኛን ነው።

ይህ ነገር ቀደም ብሎ ለምን እንዳልገረመኝ አላውቅም። ለአራት ዓመት ያህል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው። ግራ እጃቸው ሲነሳ እንጀምራለን፤ ቀኝ እጃቸው ሲታጠፍ እናቆማለን። አንድ እሁድ ግን ጎል አገባን። ዘለን፣ ተቃቅፈን፣ ያላወቅነውን ሰው ስመን ስንጨርስ ወደ ታች አየሁ። ጋሼ ከፊት ወደተቀመጠው ሰው ጠጋ ብለው፣

“ማን ነው ያገባው?” እያሉ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሜዳው ይልቅ እሳቸውን መከታተል ጀመርኩ።

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምሠራው ሜክሲኮ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር በጣቶቼ ውስጥ ሲያልፍ ይውላል፤ ምሳ ሰዓት ላይ የራሴን ግጥም ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም። መንገድ ላይ ከተነጠፉ አሮጌ መጻሕፍት ያገኘሁትን አንብቤ፣ ስንኝ ምን እንደሆነ በጆሮዬ ገምቼ ነው የጀመርኩት። እና በዚያ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፦ እኔ የጻፍኩትን ስንኝ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘፍነው መስማት።

ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ያለው ጠባብ ቤት አላቸው። ግጥሜን አትሜ፣ በፕላስቲክ አድርጌ፣ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አውርደው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

“‘በልደታ ሰማይ ሥር በትዝታ ጠል ርሳ፣ የተስፋችን አበባ ከዘመናት እንቅልፍ ተነስታ...’”

ቆሙ። እኔን አዩኝ። ወረቀቱን አዩ።

“አንተ፣ የት ነው የምትቆመው?”

“ሦስተኛው ረድፍ ጋሼ።”

“እዚያ ቆመህ ይህን በል እስቲ። አሁን፣ እዚሁ።”

ጀመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።

“አየህ፣ አበባው እስኪበቅል ጎል ይገባብናል።”

ጥግ ላይ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ሴት ነበረች፤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ያን ጊዜ ነው ያወቅኋት። ከበሮ መቺያችን ነበረች። ያላወቅኋት ኮት ለብሳ ስለነበረ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሜክሲኮ ያለ ባንክ ውስጥ መስኮት ኋላ ትቀመጣለች፤ እሁድ ማልያ ለብሳ ከበሮ ታነሳለች።

“አትዘንበት፣” አለችኝ፣ “ለሐዘን ቤት ይሆንሃል።”

ተናድጄ ወጣሁ። ሜክሲኮ እስክደርስ በእግሬ ሄድኩ፤ ስሄድ ደግሞ በእርምጃዬ ልክ ቃል መደርደር ጀመርኩ። አምስት እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ አምስት እርምጃ። የባቡሩ ድልድይ ሥር ስደርስ ዝናብ ጀመረ። በማግሥቱ ሁለት ስንኝ ብቻ ይዤ ተመለስኩ። በፕላስቲክ አላደረግኩትም።

ዝናቡም ይዝነብ፣ ጭቃውም ይምጣ፤
ከዚህ ደረጃ ማንም አይወጣ።

ጋሼ አላነበቡትም። የስፌት መኪናቸውን ፔዳል እየረገጡ ሞከሩት። መኪናው ተርገበገበ፤ ቃሉ ከመርፌው እኩል ወረደ። “ይሄ ይሰፋል” አሉ። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜዳ ላይ ዘፈንነው። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ጮክ ብሎ ሲዘፍነው፣ ‘እኔ ነኝ የጻፍኩት’ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ዘፈኑን የማላውቀው መስሎት በየስንኙ መጨረሻ ቃሉን ጆሮዬ ላይ ይነግረኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻ ያዝኩ። ሌላ ደጋፊ ውጤት ይመዘግባል፤ እኔ የመዘገብኩት ዘፈኑን ነው። የትኛው ዜማ ከየት መጣ? መቼ ይዘፈናል? ለምን ይረሳል? ብዙ ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ለምሳሌ ጥቅምት ላይ፣ ውድድሩ ሲጀመር፣ ማንም ቃሉን አያስታውስም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች የምናሳልፈው አፋችንን በማንቀሳቀስ ብቻ ነው። አዲስ ዜማ የሚገባው ጥር ላይ ነው። ጋሼ የሙሽራ ሱፍ ስለሚሰፉ በየሠርጉ ይጠራሉ፤ ቅዳሜ ለሙሽራው የተዘፈነው እሁድ ለአጥቂያችን ይዘፈናል። አንድ ጊዜ አንዱ ደጋፊ በራሱ የሠርግ ማግሥት ሜዳ መጥቶ፣ ትናንት ለሚስቱ የተዘፈነውን ዜማ ለግራ ተመላላሻችን ስንዘፍንለት ሰምቶ ተቆጥቷል። ስናጠቃ የጉራጌውን ፈጣን ጭብጨባ እናነሳለን፤ ጋሼ የእናታቸው አገር ስለሆነ ያችን ጭብጨባ ማንም እንዲያዘገይባቸው አይፈልጉም።

ጾም ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ከልደታ ማርያም ቅዳሴ አስቀድሰው የሚመጡት ልጆች በዐቢይ ጾም አይጨፍሩም፤ ያጨበጭባሉ እንጂ ወገባቸው አይንቀሳቀስም። በረመዳን የሚጾሙት ውሃ ስለማይቀምሱ ጋሼ ስንኙን ያሳጥሩታል። አራት ስንኝ የነበረው ሁለት ይሆናል። ማንም አልነገራቸውም። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

“የጾመ ጉሮሮ ፊት ለፊቴ ሲንቃቃ አየዋለሁ እኮ” አሉኝ።

ሰኔ ላይ የከበሮው ቆዳ በእርጥበት ይላላል። ከበሮ መቺያችን ከጨዋታው በፊት በር ላይ በቆሎ የምትጠብሰዋን ሴትዮ ለምና ከከሰሉ ላይ ከፍ አድርጋ ታሞቀዋለች። ሴትዮዋም፣ “በቆሎዬን አጥቁሪልኝ አሉሽ?” እያለች በማራገቢያዋ ታራግብላታለች።

አንድ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘሁለትም ነበር። ስንሸነፍ ለምንድን ነው ድምፃችን የሚጨምረው? ሦስት ለባዶ እየተመራን ከሜዳው ሌላ ጫፍ እስኪሰማ እንዘፍናለን። ይህን ለግጥም ጥሩ ነገር ነው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ታማኝነት። ጋሼን ጠየቅኳቸው።

“ዝም ካልን ዳኛውን መስደብ እንጀምራለን እኮ። ከተሳደብን ደግሞ ድንጋይ ይከተላል። አፍህ ሥራ ከያዘ እጅህ አያስብም።”

የጻፍኩትን ሰረዝኩ።

ከፋሲካ በኋላ የጋሼ ድምፅ ይሻክር ጀመር። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው። ዝንጅብል ጠጡ፣ ማር በነጭ ሽንኩርት በሉ፤ ሱቃቸው እስከ አስፋልቱ ሸተተ። አልተሻላቸውም። በመጨረሻ ከበሮ መቺያችን ፈቃድ ጠይቃ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩአቸው። የድምፅ ገመዳቸው ላይ እባጭ ነበር። ሐኪሙ ለሦስት ወር መጮህ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ መናገር ጭምር ከለከላቸው። እባጩ በዝምታ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ከጮኹ ግን የነበረው ድምፅ ላይመለስ እንደሚችል ነገራቸው።

ጋሼ ዝም አሉ። የሚናገሩት በሳሙና ሆነ። ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ የሚያሰምሩበት ያች ያለቀች የሳሙና ስባሪ አለች፤ በእሷ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጽፉና በብሩሽ ያጠፉታል። ደንበኛ ሲመጣ “ሐሙስ ይደርሳል” የሚለውን ጽፈው ያነሣሉ። ሐሙስ ሲመጣም ያንኑ ያነሣሉ።

የቀረን አንድ ጨዋታ ነበር። ክለባችን ወራጅ ቀጣና ጫፍ ላይ ነው፤ አቻ ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ጋሼ እንሄዳለን ብለው ጻፉ። ከበሮ መቺያችን እምቢ አለች። እሳቸው ያንኑ ቃል ከሥሩ ደግመው አሰመሩበት። በመጨረሻ በአንድ ሁኔታ ተስማማች፦ ቁጭ ይላሉ፣ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ሌላ ሰው ያስጨፍራል። ወደ እኔ ዞረች።

“ቃሉን ሁሉ ጽፎ የያዘው አንተ ነህ። አንተ ትቆማለህ።”

“እኔ? እኔ እኮ ድምፅ የለኝም።”

“ድምፅ አላልኩህም። እጅ ነው የሚያስፈልገው። ዘፈኑ ካልተቋረጠ እሳቸው የሚነሱበት ምክንያት የለም። ከተቋረጠ ግን ማንም አይዛቸውም። ገባህ? እሳቸው አፋቸውን ከከፈቱ ከአንተ ራስ አልወርድም።”

ሦስት ቀን ሱቅ ውስጥ ተለማመድን። ጋሼ ክንዴን በሜትር እንደሚለካ ሰው ያነሱታል፣ ያስተካክሉታል። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ ላይ፣ “አትዙር” ብለው ጻፉ።

“ብዞርስ ምን ይሆናል ጋሼ?”

ጨርቁን በብሩሽ ጠርገው፣ “ፊትህ ከሄደ መቼ እንደሚተነፍሱ አያውቁም” ብለው ጻፉ።

እሁድ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጋሼ የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ አፍና አፍንጫቸው በማስክ ተሸፍኖ ተቀመጡ፤ ማስኩን ያደረገችላቸው ከበሮ መቺያችን ናት። እኔ ታችኛው ደረጃ ላይ ወጣሁ። ጀርባዬን ለሜዳው ሰጠሁ። ፊሽካው ተነፋ፤ ግራ እጄን አነሣሁ።

የዚያን ያህል ብዙ ፊት በአንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም። እና እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ኳሱ ወደ እኛ በረኛ ሲቀርብ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ቆሎ ይዟል፤ ስናጠቃ አንድ አንድ ፍሬ፣ ሲያጠቁን በእፍኝ። አንድ ኮሌጅ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፤ ከጎኑ ያለው ጓደኛው እየጎሸመ ይነግረዋል። ስንኝ ሲያልቅ ሁሉም አብረው ደረታቸው ይነሳል፣ ያኔ ቀኝ እጄን አጥፌ ቆጥሬ እንደገና አነሣለሁ። ከኋላዬ የሚካሄደውን ግን ልቤ አልተወውም። ጀርባዬ ያሳክከኝ ነበር። እኔ ጋሼ አይደለሁም፤ ኳስ እወዳለሁ።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ፊቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተለወጡ። እጅ ሁሉ ጭንቅላት ላይ ወጣ። ቆሎው ተበተነ።

“ምንድን ነው?” አልኩ።

“ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠብን!” አለ ተማሪው። ዓይኑን ገልጦ ነበር።

ደንባችን ግልጽ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ዘፈን አይቆምም። ከበሮ መቺያችን የዝናቡን ዘፈን መታች። የእኔን ስንኝ። እጄን አነሣሁ፣ ሰዉ ተቀበለ። አንድ ጊዜ ተዘፈነ፣ ሁለት ጊዜ። ከኋላዬ ዳኛው ተጫዋቾችን ከቅጣት ክልሉ እያስወጣ እንደሆነ ከዓይኖቻቸው ገባኝ። ከዚያ ዓይኖቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። እኔ ብቻ የማላየው አንድ ቦታ። ክለቡ ወረደ ወይም ተረፈ የሚባልበት ቦታ።

ዞርኩ።

ዘፈኑ ወዲያው አልጠፋም። መጀመሪያ ከፊተኛው ረድፍ ጠፋ፣ ከዚያ ከሁለተኛው፤ መብራት በየፎቁ እንደሚጠፋ ወደ ላይ እየወጣ ሄደ። ከበሮው ብቻውን ሁለት ጊዜ ተመታ፣ እሱም ቆመ። ያን የሚያህል ዝምታ ሜዳ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። መቺው ኳሱን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲሄድ ጫማው ጭቃው ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁት።

ከዚያ ከጎኔ አንድ ድምፅ ወጣ።

“ዝናቡም ይዝነብ!”

የተሰነጠቀ ነበር። መጨረሻው ላይ እንደ ጨርቅ ተቀደደ። ጋሼ ማስኩን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው፣ ግራ እጃቸውን አንሥተው ቆመዋል። ሕዝቡ ተቀበላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲቀበል አልሰማሁም። መቺው ሮጠ፤ ኳሱ ቋሚውን መትቶ ወጣ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፊሽካው ተነፋ፤ ተረፍን።

ሰው ሁሉ ሲዘል ከበሮ መቺያችን ከበሮዋን ጥላ ወደ ጋሼ ሄደች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ይዘው ነበር። የሆነ ነገር ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እየሳቁ ነበር፣ ሳቁም ድምፅ አልነበረውም። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እኔና እሷ አብረን ተቀመጥን። ሜክሲኮ ላይ ልትወርድ ስትል፣

“አንድ ሥራ ነበር የተሰጠህ” አለችኝ።

ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አያቸው። ገመዱ ላይ ደም ቋጥሯል፤ እስከ መስከረም ዝም ማለት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ለወሬ የሚበቃ ድምፅ ይመለሳል፤ ለሜዳ የሚሆነው ግን አይመለስም። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ በስልክ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ሱቃቸው ለመሄድ እስከ ሐምሌ አልደፈርኩም። ስሄድ ጠረጴዛው በተማሪ ደንብ ልብስ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በሩ ላይ ቆሜ የተዘጋጀሁበትን ተናገርኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ የተናገርኩትም ከስንኜ ረጅም ነበር። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ሳሙናዋን አንሥተው ጨርቁ ላይ ጻፉ።

“በየትኛው እግሩ መታው?”

“ማን?”

ጣታቸው ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ መታ። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ሜዳ ከነበረው ሰው ሁሉ ያንን ምት ያላዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲነሡ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተነሡት።

ለማስታወስ ሞከርኩ። የመቺው ጫማ ትዝ አለኝ፣ ዳኛው ፊሽካውን በማልያው ሲጠርግ ትዝ አለኝ፤ ኳሱ ቋሚውን ሲመታ የወጣው የባዶ በርሜል ድምፅ ትዝ አለኝ። እግሩ ግን አልመጣልኝም። በዚያች ሰከንድ እኔ የማየው እሳቸውን ነበር።

“አላየሁም ጋሼ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፉ፦ “ታዲያ ለምን ዞርክ?”

መልሴን ሳይጠብቁ በብሩሹ አጠፉትና ሌላ ጻፉ፤ አሁን ቀስ ብለው፣ እንደ ማፈር ብለው፦ “ጥቅምት ላይ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ኦፍሳይድ ምንድን ነው?”

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። እውነታቸውን ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ‘ኦፍሳይድ!’ ብሎ ሲጮህ ሰምተዋል፣ ሰው ሲናደድም አይተዋል፤ ነገሩን ግን ማን ያሳያቸው?

የልብስ ቁልፍ የሞላበትን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረድኩ። በሳሙናዋ የደንብ ልብሱ ጨርቅ ላይ ሜዳ አሰመርኩ፤ ነጩ ቁልፍ የእኛ፣ ቡናማው የነሱ፣ ትልቁ የኮት ቁልፍ በረኛ። ተከላካዮቹን ደረደርኩ። ኳሱ ከእግር ሲነሳ አጥቂው የት መሆን እንዳለበት፣ የት መሆን እንደሌለበት አሳየኋቸው። አንድ ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያ ሌላ ጊዜ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ አንዱን ነጭ ቁልፍ በጣታቸው ገፍተው፣ ከመጨረሻው ቡናማ አሳልፈው፣ በረኛው አጠገብ አቆሙት።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦፍሳይድ ነው።”

ሳሙናዋን አነሡና ከቁልፉ ሥር ጻፉ፦

“ዳኛው አይቷል?”